ጎደሬው ሲከረክር፣ ቆጮው ሲፈረካከስ

የጓዳ ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሥራሥርና ስለ ደቡብ ምግብ የሚጠይቁ ናቸው። ጾም ሲገባ ጉልት ሁሉ ጎደሬና ቀይ ሥር ይሆናል፤ ቆጮውም ዛሬ መስቀል እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ደብዳቤዎቹን ስናነብ ደጋግሞ ያጋጠመን ስህተት የሰዓት ስህተት ነው። አርባ ምንጭ ያሉ አክስት በስልክ የነገሩት ደቂቃ አራት ኪሎ ላይ አይሠራም። መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ስለሚያልፍ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ቢያጋግሉት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ከዚህ በታች ያሉት ደቂቃዎች ለዚህ ከተማ የታሰቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጉልት ሁለት ኪሎ ጎደሬ ገዝቼ እንደ ድንች ልጬ ለሃያ ደቂቃ ቀቀልኩት። ቢላ ሲወጉት ይገባል፤ ስንበላው ግን ጉሮሯችንን ከረከረን። ስልጠው ደግሞ እጄን ሲያሳክከኝ አመሸ። ልጆቼ ሁለተኛ እንዳታመጪ ብለውኛል። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሻጯንም አይቀየሟት። ጎደሬ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ነገር በዓይን የማይታዩ መርፌዎች ሆኖ ይገኛል። ጥሬው ሲላጥ መርፌዎቹ እጅ ላይ ይሰካሉ፤ ሳይበስል ሲበላ ምላስና ጉሮሮ ላይ። ድንች ቢላ ከገባው በስሏል። ጎደሬ ግን ለቢላ የሚለሰልሰው ለጉሮሮ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እርስዎን ያሳሳተዎት ይኸው ነው።

ሲገዙ ከእንቁላል ከፍ የሚል፣ ከቡጢ የማይበልጥ ይምረጡ፤ በእጅ ሲይዙት የሚከብድ፣ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ። ትልልቁ ዳሩ ሲበስል መሃሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከተቻለ ሁሉም ተመሳሳይ መጠን ይኑራቸው፤ ያለዚያ ትንንሾቹ ላሽቀው ትልልቆቹን ትጠብቃላችሁ።

ጥሬውን መላጥ ግድ ከሆነ ጎደሬውም እጅዎም ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት ሲኖር ማሳከኩ ይብሳል። እጅን ዘይት መቀባት ወይም የፕላስቲክ ጓንት ማድረግ ይረዳል። ካሳከከዎት በሎሚ ወይም በአቼቶ አሽተው ይታጠቡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከነልጣጩ መቀቀል ነው፤ ሲበስል ልጣጩ በጣት ይወልቃል።

አንድ ኪሎውን በደንብ አጥበው በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዱት፤ ውኃው ከጎደሬው በላይ አራት ጣት ይሁን። ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ያቆዩና ያንን ውኃ ይድፉት። አዲስ የፈላ ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው፣ ከድነው፣ ሌላ 40 ደቂቃ ያብስሉት። ከዚያ ወፍራሙን አውጥተው ለሁለት ይክፈሉት። መሃሉ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ክብ ካለ ይመልሱት። ከዳር እስከ ዳር ወደ ግራጫ ያደላ፣ እንደ ሰም ብርት የሚል ሲሆን ደርሷል። አሁንም ከተጠራጠሩ ከመሃሉ ሽምብራ የምታህል ቆርሰው ምላስዎ ጫፍ ላይ ያድርጉና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ከቆጠቆጠ አሥር ደቂቃ ይጨምሩለት። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ከመጀመሪያው ፉጨት በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለዚህ ከተማ ከሱ የሚሻል ዕቃ የለም።

ለአልጫው ሁለት ራስ ሽንኩርት በግማሽ የቡና ሲኒ ዘይት ሳይጠቁር ያብስሉ። አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምረው፣ ቁሌቱ ሲረጋጋ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ። ተልጦ በትልልቁ የተቆረጠውን ጎደሬ ጨምረው ዝግ ባለ እሳት 10 ደቂቃ። እዚህ ላይ ማማሰያ አያስገቡ፤ ድስቱን በእጀታው ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት። ጎደሬ ብዙ ሲማሰል ሙጫ ይሆናል። ቃሪያ ሲያወጡት ጣል ያድርጉበት። በፍስክ ንጥር ቅቤና አይብ ይስማማዋል። አይቡ ለጣዕም ብቻም አይደለም፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም የቀረውን ኦክሳሌት ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ጎደሬን ባያዘወትር ይሻላል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የተቀቀለውን ፍጹም አቀዝቅዘው በጣት ውፍረት ይቁረጡና በጋለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ይጥበሱት። ከድንች ጥብስ ይበልጥ ይንኮሻኮሻል። ስሙን ከበሉ በኋላ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አትላንታ የሚኖረው ወንድሜ ለአንድ ወር እኛ ዘንድ ያርፋል። እዚያ የደቡብ ሰዎች «ያም» የሚሉትን ጣፋጭ ሥር በፓይ፣ ጎመን ደግሞ ከበቆሎ ዳቦ ጋር መብላት ለምጃለሁ ይላል። ነጭ ስኳር ድንች ቀቅዬ ፓይ ሞከርኩ፤ መሃሉ ውኃ ቋጠረ፣ ጣዕምም የለው። የበቆሎ ዳቦውም ገና ቢላ ሲነካው ፍርፍር አለ። ምኑን ነው የሳትኩት?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ወንድምዎ «ያም» የሚሉት ያም አይደለም፤ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ነው። ቃሉ በባርነት ከተወሰዱ ምዕራብ አፍሪካውያን ጋር አሜሪካ ገባ። በ1930ዎቹ ደግሞ የሉዊዚያና አምራቾች እርጥቡን ብርቱካናማ ዓይነት ከደረቁና ከነጩ ለመለየት በዚህ ስም ሸጡትና እስከ ዛሬ ተጣበቀ። እውነተኛው ያም የእኛው ቦዬ ነው፤ ወላይታና ጋሞ ተቀቅሎ የሚበላው። ቦዬ በፓይ ቢሠሩ አይሆንም፤ ድርቅ ያለ ነው፣ ስኳርም የለው።

እዚህ ጉልት ላይ የሚበዛው ነጭ ሥጋ ያለው ነው። ብርቱካናማውም አለ፤ ቱላና ኩልፎ የሚባሉት አገር ውስጥ የተለቀቁ ዝርያዎች እንዲህ ናቸው። ከልጣጩ ቀለም አይገምቱ፤ ቀይ ልጣጭ ለብሶ ውስጡ ነጭ የሆነ ሞልቷል። ሻጯ ጫፉን በቢላ ጫር አድርጋ እንድታሳይዎት ይጠይቋት።

ዋናው ስህተት ግን መቀቀሉ ነው። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም አለ፤ ደህና አድርጎ የሚሠራው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ሥሩ ይህን ሙቀት ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይጣፍጣል፤ ተቆራርጦ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ በጥድፊያ ያልፈዋል፣ ያለችውን ስኳር ውኃው ይወስዳታል፣ በምትኩ ውኃ ይጠጣል። የእርስዎ ፓይ መሃል ላይ የቋጠረው ያ ውኃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ድንች ከነልጣጩ አጥበው፣ አድርቀው፣ በሹካ እየወጉ፣ ገና ባልጋለ ኦቭን ውስጥ ያስገቡት። 190 ላይ ያብሩትና ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ይተዉት። ጫፎቹ ላይ ጥቁር ማር የመሰለ ጠብታ ሲወጣ ደርሷል። ኦቭን ከሌለ ወፍራም ብረት ድስት ያለ ውኃ፣ በጥብቅ ተከድኖ፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ፤ በየ15 ደቂቃው እያገላበጡ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ።

ለ23 ሳንቲ ሜትር ሰፊ ዕቃ ሊጡን በ180 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ በ90 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና በሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ያዘጋጁ። ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ብቻ ያሹት፤ መዳፍ ያቀልጠዋል። ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፈው ዕቃው ላይ ይዘርጉት፤ ወረቀት አልብሰው፣ ደረቅ ባቄላ ጭነውበት በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያብስሉት። ይህን ከዘለሉ የሊጡ ሥር ጥሬ ይሆናል። ለውስጡ 500 ግራም የተላጠና በወንፊት የተጫነ ስኳር ድንች፣ 120 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ገውዝና ቁንጥር ጨው ይቀላቅሉ። ነጩን ስኳር ድንች ከተጠቀሙ ድርቅ ስለሚል 50 ሚሊ ሊትር ወተትና አንድ የእንቁላል አስኳል ይጨምሩ። በወንፊት ማለፉን አይተዉ፤ የስኳር ድንች ክር ጥርስ ውስጥ የገባ ፓይ ማንም አያመሰግነውም። በ180 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ። ዳሩ ረግቶ መሃሉ ሲነቀነቅ እንደ እርጎ ንዝር ሲል ያውጡት፤ ከአናቱ ከተሰነጠቀ አልፎበታል። ሁለት ሰዓት ሳይቀዘቅዝ አይቁረጡት።

የበቆሎ ዳቦው የተፈረካከሰበት ምክንያት በቆሎ እንደ ስንዴ የሚስብና የሚያያዝ ነገር ስለሌለው ነው። የሚይዘው እንቁላሉ፣ ጠጥቶ የሚያብጠው ዱቄትና የጋለው መጥበሻ ነው። የአሜሪካ ደቡቦች የሚሠሩበት ፈሳሽ፣ ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው ነው፤ የእኛው አሬራ ማለት ነው፤ ስለዚህ ይህን ፍለጋ ሱፐርማርኬት አይዙሩ። ወፍጮ ቤት በቆሎውን ሸርከት አድርጉልኝ ይበሉ። 300 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ያዋህዱ። የውጭ አገር ምጥን ከዚህ የበለጠ ቤኪንግ ፓውደር ያዛል፤ በእኛ ከፍታ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይዝ ይወድቃል። ሁለት እንቁላል ከ400 ሚሊ ሊትር አሬራ ጋር መትተው ይጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ያሳርፉት። በዚህ ጊዜ የብረት መጥበሻ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጋር 220 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ይጋል። ሊጡን ሲያፈሱበት ቸስ ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ገና ነው። ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገር፤ ካወጡት በኋላም 10 ደቂቃ ይታገሡ። ስኳር አይጨመርበትም፤ ስኳር የገባበትን ኬክ ነው የሚሉ ብዙ የደቡብ ሰዎች አሉ፣ እኛም እንስማማለን።

ጎመኑን እነሱ በጢስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚያበስሉት። ቋንጣ በትክክል ይተካዋል። ለአንድ ኪሎ ጎመን 100 ግራም ቋንጣ በአንድ ሊትር ውኃ መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ጎመኑ ተጨምሮ ሌላ 45 ደቂቃ። መረቁን እንዳይደፉት፤ ዳቦው የሚጠቀሰው በሱ ነው።

ጥያቄ፦ ወንደላጤ ነኝ። ቀይ ሥር ቀለሙ እንዳይለቅ ሎሚ ጨመቅበት ሲሉኝ ሰምቼ ልጬ፣ ቆርጬ፣ ሎሚ ጨምሬ ቀቀልኩ። ከሰዓት ተኩል በኋላም ድንጋይ ነው።
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ሎሚ ቀለሙን ይጠብቃል ያሉት እውነት ነው፤ ጊዜውን ነው ያልነገሩዎት። ኮምጣጣ ነገር የሥሩን ሕዋስ የሚያያይዘውን ፔክቲን እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቀይ ሥርም ድንችም ኮምጣጣ ውስጥ አይበስልም። ሎሚና አቼቶ ከበሰለ በኋላ።

አይላጡት፣ አይቁረጡት። ቅጠሉን ሲያነሱ ሁለት ጣት ያህል ግንድ ይተዉለት፤ ከታች ያለውን ጅራትም አይንኩት፤ ቀለሙ የሚፈሰው በቁስሉ ነው። ጡጫ የሚያህለው ተከድኖ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ይፈጃል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው በጣት ሲያሹት ልጣጩ ይወልቃል። ከድንች ጋር ሰላጣ ሲያደርጉ ድንቹን ለብቻው ቀቅለው በዘይትና በጨው ያሹት፤ ቀይ ሥሩን ሊያቀርቡ ሲሉ ብቻ ያገናኙት።

ጥያቄ፦ ከመርካቶ የገዛሁትን ቆጮ ምጣድ ላይ ስጋግር ይሰነጣጠቅና ይፈረካከሳል። ቃጫውም ጥርስ ውስጥ ይገባል። ክትፎ ቤት የሚቀርበው ግን ለስላሳ ነው። ሽታውስ ጤነኛ ነው? ቡላውም ገንፎ ስሠራው ሁልጊዜ ይጓጉልብኛል።
ከፒያሳ

መልስ፦ ሽታው ከቆጮ ጋር የሚመጣ ነው። የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ከሳምንታት እስከ ወራት ተብላልቶ ነው ቆጮ የሚሆነው፤ ሹል ያለ የኮመጠጠ ሽታ ደህና ነው። የሞተ ነገር የሚሸት፣ እጅ ላይ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ፣ ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘ ከሆነ ይጣሉት። ፍቀው አይብሉት፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ገብቷል።

የክትፎ ቤቱ ለስላሳነት የሚመጣው ከቢላ ነው። አንድ ኪሎ ቆጮ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ሁለት ሰው ሆናችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙት። ጭማቂው ጠብታ ጠብታ እስኪሆን ድረስ ይውጣ። ከዚያ መክተፊያ ላይ ዘርግተው በትልቅ ስለታም ቢላ ይክተፉት፤ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከሄዱ በኋላ ቆጮውን ሩብ ዙር አዙረው እንደገና። ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ስለተኛ በአንድ በኩል ብቻ ከከተፉት ቢላው ከክሩ ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም። አራት ዙር፣ አምስት ዙር፤ ቢላው ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣውን ረጅሙን ክር እየለቀሙ። ትከሻ ይደክማል፤ በመፍጫ ማሽን ለማሳለፍ የሞከረ ሰው ክሩ ስለቱን ተብትቦ ሞተሩን ሲያቆመው ያያል። ሲያበቃ በሰፊ ወንፊት ይንፉት።

መሰነጣጠቁ ከመድረቅና ካለመታሸት ነው። የተነፋውን ለብ ባለ ውኃ በሾርባ ማንኪያ እየረጩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመዳፍ ያሹት። ልክ መሆኑን ለማወቅ ጭብጥ አድርገው ይጫኑትና እጅዎን ይክፈቱ፤ የጣትዎን ቅርጽ ይዞ ከቀረ በቃ፤ ከተበተነ አንድ ማንኪያ ውኃ፤ በጣት መካከል ከወጣ በዝቶበታልና ካልረጩበት ቆጮ ይቀላቅሉበት። የኮባ ቅጠል እሳት ላይ ለአንድ አፍታ አሳልፈው ሲለመልም ምጣዱ ላይ ያንጥፉት፤ ጥሬው ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቆጮውን ከጣት ውፍረት ሳያልፍ ዘርግተው፣ ሌላ ቅጠል አልብሰው፣ ምጣዱን ከድነው መካከለኛ ሙቀት ላይ 12 ደቂቃ፤ ገልብጠው 10 ደቂቃ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በሚጋገርበት ሙቀት ከሆነ ውጭው ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይሆናል፤ ከዚያ ዝቅ ያድርጉት። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ክዳኑን አይክፈቱ፤ የምጣዱ ሙቀት ለብዙ ደቂቃ ይይዘዋል።

የተፈረካከሰውን ደግሞ አይጣሉት። ሲዳማ ቆጮውን፣ እነሱ ዋሳ የሚሉትን፣ በቅቤ አርሶ ቡርሳሜ ያደርገዋል፤ ከእርጎ ጋር ሲሆን ደግሞ የሚበልጠው የለም። ፍርፋሪውን ምጣድ ላይ እያማሰሉ እርጥበቱን ካወጡለት በኋላ ለሁለት ብርጭቆ ፍርፋሪ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ጨውና ሚጥሚጣ። በጀበና ቡና ሰዓት ላይ የተበላሸ መሆኑን ማንም አያውቅም።

ቡላው የሚጓጉለው ደረቁን ሙቅ ውኃ ላይ ስለሚበትኑት ነው። ቡላ ንጹሕ ስታርች ነው፤ የእያንዳንዱ እንክብል ውጭ በሙቀቱ ወዲያው ይጣበቅና ውስጡን ደረቅ ዱቄት አድርጎ ይቆልፈዋል። አንድ ብርጭቆ ቡላ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው፣ በሁለት ብርጭቆ የሚፈላ ወተት ወይም ውኃ ላይ በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይወፍራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ያወጣዋል። ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ መስተዋት እስኪያስተላልፍ ዝግ ባለ እሳት ሌላ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል።

ጥያቄ፦ ወላይታ ሄጄ የተቀቀለ ድንች በዳጣ በልቼ መጣሁ። እዚህ ስሠራው ይመራል፤ በሳምንቱም ይሻግታል።
ከቂርቆስ

መልስ፦ ምሬቱ ከጤና አዳም ነው፤ ብዙዎች ለሽታው ብለው እፍኝ ይጨምሩበታል። ለ250 ግራም ቃሪያ ሁለት ትንንሽ ቀንበጥ ይበቃል። ግማሹ የሚያቃጥለው ቀጭኑ ቃሪያ ይሁን። 100 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 60 ግራም ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ የበሶብላ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ። በድንጋይ ቢፈጭ ይመረጣል፤ በማሽን ከሆነ እያቋረጡ ይፍጩት፤ ከለሰለሰ ዳጣነቱ ይጠፋል።

ሻጋታው ከውኃ ነው። ቃሪያውና ቅጠሉ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ፣ ወይም እርጥብ ማንኪያ ከገባበት አይቆይም። በደረቀ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንት፤ ከዚያ በላይ የሚፈልጉ በትንሽ በትንሹ ያቀዝቅዙት። ዘይት አፍስሰውበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን በፍጹም። ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ ነጭ ሽንኩርት አየር በሌለበት ክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም።

የወላይታ ድንች የሚባለውን፣ ጣት የሚመስለውን ካገኙ ከነልጣጩ 35 ደቂቃ ቀቅለው በትኩሱ በዳጣ ይሞክሩት። የተለመደው ድንች ከዚያ በኋላ ትንሽ ይደብራል።

ጥያቄ፦ ካሳቫ አየሁና እንደ ድንች ቀቅዬ ልበላ አሰብኩ። ጎረቤቴ መርዝ ነው አለችኝ።
ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ ጎረቤትዎን ያመስግኑ። ካሳቫ ውስጥ ሲቆረጥና ሲታኘክ ሳያናይድ የሚለቅ ነገር አለ፤ መራራው ዓይነት ላይ ይበዛል፣ ጣፋጩ ላይ ያንሳል፤ ከውጭ አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ጋሞ፣ ጎፋና አማሮ የሚያመርቱት ሰዎች ልጠው፣ ከትፈው፣ ዘፍዝፈው፣ አድርቀው አስፈጭተው ከሌላ እህል ጋር ነው የሚቀላቅሉት፤ ልፋቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥሬውን ቀምሰው እንዳይሞክሩት። ጣፋጭ ዓይነት መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ካልገዙ በቀር ለመቀቀል አይግዙት። ከገዙ ቡናማውንም ከሥሩ ያለውን ወፍራም ነጭ ልጣጭም ያንሱ፤ በሁለት ጣት ውፍረት ቆራርጠው፣ መሃሉ ያለውን ክር አውጥተው፣ ውኃ እየለወጡ አንድ ቀን ይዘፍዝፉት። በብዙ ውኃ ክዳን ሳይደረግ 40 ደቂቃ ቀቅለው ውኃውን ይድፉት። በስሎም ከመረረ ይጣሉት። ለሕፃናት አይስጡ።

ጥያቄ፦ ሥራሥር ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ስኳር ድንቹ ግን እየቆየ ሲቀቀል መሃሉ አይበስልም።
ከሳር ቤት

መልስ፦ ያደረቀው ፍሪጁ ነው። ስኳር ድንች ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መሃሉ ይጠጥራል፣ ከዚያ ምንም ያህል ቢበስል አይለሰልስም። ጎደሬና ስኳር ድንች ነፋስ በሚያገኝ ቅርጫት ውስጥ፣ ሳይታጠቡ። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ከሽንኩርት ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይሁን፣ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። ፍሪጅ የሚገባው ካሮትና ቀይ ሥር ነው፤ ቅጠላቸው ተቆርጦ፣ አለበለዚያ ቅጠሉ የሥሩን ውኃ ይመጥና በሁለት ቀን ያልፈሰፍሰዋል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች ካጋጠመዎት ጥቂት ከሆነ አረንጓዴውን ከነዙሪያው በወፍራሙ ይቁረጡት፤ ብዙውን ከያዘው ወይም ሲቀመስ ከመረረ መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውምና ሙሉውን ይጣሉት።